ወገቤ ሲቀጥን በደሜ ውስጥ የቀረው ስብ

በግራ ዓይኔ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫዬ በሚጠጋው ጥግ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቢጫ ነገር ወጣች። አታምም፣ አታሳክክም። መጀመሪያ ዱቄት መስላኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኳት። አልጠፋችም። ሁለት ወር ሳይሞላ በቀኙም ዓይኔ ላይ እኅቷ ወጣች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር የሴት ልብስ የምሰፋባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ደንበኞቼ የለበሱትን የሚያዩበት ትልቅ መስታወት ስላለ ቀኑን ሙሉ ፊቴን ሳላየው አልውልም። ያም ሆኖ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሰው እስኪገፋኝ ጠበቅሁ። የገፉኝ ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብራቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህርት አዴ ጫልቱ ናቸው። እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩኝና፣

«ሰዓዳ፣ ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ነገር ዝም የሚባል አይደለም» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ሁሌም እንዲያ ነው የሚጠሩኝ።

ዶክተር ገመቹ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል ዓይኔን አየና «ደምሽን እንየው» አለ። በማግስቱ ምንም ሳልቀምስ ደም ሰጠሁ። ጠቅላላው ኮሌስትሮል 318፣ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል ደግሞ 236 ሆኖ መጣ።

«ለአንቺ ከመቶ በታች ብናደርገው ደስ ይለኛል» አለ።

ያኔ ሰማንያ አራት ኪሎ ነበርኩ። «ስለወፈርኩ ነው፣ ዶክተር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ውፍረቱ አንድ ጉዳይ ነው፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ፣ አንዳንዴ አይተዋወቁም። አባትሽ አሉ?»

አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወደ ምሥራቅ ወለጋዋ ኪራሙ የመጣ ሠፋሪ ገበሬ ነበር። እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰው ነው። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ አጥር ሲያጥር ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልተነሣም። ዓይን ነው ያለም ነበር፣ ፀሐይ መታው ያለም ነበር። ይህን ስነግረው ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አላውቅም፣ አላየኋቸውም። ግን ልባቸው ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ትርፉን ከደም የማንሣቱ ነገር በዘር ደካማ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቢቀጥንም አይድንም። ወንድም እኅት ካለሽ እነሱም ይመርመሩ።»

አቶርቫስታቲን የሚባል መድኃኒት በየምሽቱ እንድውጥ አዘዘልኝ። ቅቤ፣ ጮማ፣ ጀሪካን ውስጥ የሚረጋውን ዘይት እንድቀንስ ነገረኝ። ከሁለት ወር በኋላ ደሜን ልናይ ተቀጣጠርን።

በቀጠሮው አልሄድኩም።

ለምን እንዳልሄድኩ በእውነት ልናገር። መድኃኒቱ ምንም የሚታይ ነገር አልሰጠኝም። ቢጫው ከዓይኔ አልጠፋም፣ ቀሚሴ አልሰፋኝም፣ በፊትም አላመመኝም፣ አሁንም አያመኝም። ቀኑን ሙሉ በዓይኑ የሚያየውንና በእጁ የሚለካውን ብቻ ሲያምን የኖረ ሰው፣ በደም ውስጥ ለሚሆን ነገር ትዕግሥት የለውም። ሰባት ሳምንት ዋጥኩ። ከዚያ ሌንሴ መጣች።

ሌንሴ ወጣት ደንበኛዬ ናት። አጭበርባሪ አልነበረችም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። የምትሸጠውን ማቅጠኛ ራሷም ትጠጣ ነበር። ፓኮው ውስጥ በከረጢት የተቋጠረ ሻይና አረንጓዴ እንክብል አለ። ወረቀቱ «ስብ ያቀልጣል፣ ኮሌስትሮል ያጥባል፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። በውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ ግን አይናገርም። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ራት እንድንተው፣ ዳቦና ስኳር እንዳንነካ ያዝዛል።

ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያደርግ ካለ፣ ብዬ አሰብኩ፣ ኪኒኑ ለምን? አቶርቫስታቲኑን የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ማንንም አልጠየቅሁም።

በዘጠነኛው ቀን ወገቤን ለካሁ። ከ104 ወደ 98 ወርዷል። እንደገና ለካሁ፣ 98። መስታወቱ ፊት ብቻዬን ሳቅሁ። «ሜትር አይዋሽም» አልኩ፤ ይህንኑ ለመጣችው ሁሉ ደገምኩላት። ሴቶች የሌንሴን ወረቀት ላያምኑ ይችላሉ። ሜትሬን ግን ያምናሉ፤ የሰርጋቸውን፣ የበዓላቸውን ልብስ በእሱ ነው የሰፋሁላቸው። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ በእኔ ቃል አሥራ አራት ሴቶች ጀመሩ። ሌንሴም ለእኔ የሚሆነውን በነፃ ታመጣልኝ ጀመር።

ከአሥራ አራቱ አንዷ አዴ ጫልቱ ነበሩ። እሳቸው የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ፓኮውን እያገላበጡ፣

«ከኪኒኔ ጋር ይስማማል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቅጠል እኮ ነው፣ አዴ። ምን ይጎዳዎታል?» አልኳቸው።

ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰውነቴ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ መጸዳጃ እመላለሳለሁ። የስፌት መኪናውን ፔዳል ስረግጥ ባቴ እንደ ገመድ ይቋጠራል። ልቤ ደግሞ አልፎ አልፎ ከውሃ እንደወጣ ዓሣ አንዴ ዘሎ ዝም ይላል። «ስቡ እየወጣ ነው» ትለኛለች ሌንሴ፣ ራሷም ያን እያመነች። እኔም አመንኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አቃተኝ። ጨርቅ ቆርጬ ሳልጨርስ ሌላ አነሣለሁ፤ ደጅ ወጥቼ ምን ልፈልግ እንደወጣሁ ረስቼ እመለሳለሁ።

ሐሙስ ቀን ነበር፣ ረፋድ ላይ። የአንዲት ሙሽራ ትከሻ እየለካሁ ነው። ልቤ ዘለለ። እንደገና ዘለለ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ። ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጫነ። ቁጥሩን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩ ጠፋኝ። መስታወቱ ጠቆረ።

ስነቃ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሙሽራዋ ትጮኻለች። እጆቼ አይታዘዙም። እናቴ፣ ኪራሙ ሰላም ካጣ ጀምሮ ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ፣ ራሴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ያ ረቢ፣ እንደ አባቷ አታድርጋት» ትላለች። ባጃጅ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም።

ሆስፒታል ውስጥ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ኢሲጂ ነው። ወረቀቱ ወጣ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ሮጠች። ነርስ ስትሮጥ ማየት ያስፈራል።

ፖታሲየሜ፣ ልብን በሥርዓት የሚያስመታው የደም ጨው፣ 2.4 ነበር። ከ3.5 መውረድ አልነበረበትም። በደም ሥሬ ፖታሲየም በቀስታ ሰጡኝ። እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ፈጥኖ ቢገባ ልብ ያቆማል ብለው ጠብታ በጠብታ ለቀቁት። ስልኩን አልጋው ላይ ስይዝ ስለቅ ዋልኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሩቅ መንገድ እየደወለ «አብሽሪ» ይለኛል። አልተረጋጋሁም። አሥራ አራት ሴቶች አሁን ሻይ እየጠጡ ነው።

ዶክተር ገመቹ በሁለተኛው ቀን መጣ። ፓኮውን እናቴ አምጥታለታለች። አንዱን ከረጢት ቀደደና ቅጠሉን መዳፉ ላይ በትኖ አሸተተው።

«ሰናመኪ ይመስለኛል። ሆድ የሚያስቀምጥ ነው። ውሃሽንና ጨውሽን ነው ያወጣው። እንክብሉ ውስጥ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፣ የሸጠችልሽም አታውቅም። የመድኃኒት ምዝገባ ቁጥርም የለበትም።»

«ግን እኮ ቀንሻለሁ» አልኩት። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ እንዲህ አልኩ።

«ስምንት ኪሎ ቀንሰሻል፣ እውነት ነው። ኤልዲኤልሽን ደግሞ ዛሬ አየሁት፤ 241 ነው። ካለበት አልተነቃነቀም። ኪኒኑን ካቆምሽ ቆይተሻል፣ አይደል?»

«አዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ነው» አልኩት።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት ሴቶች እንደጀመሩ ጠየቀኝ፤ አሥራ አራት አልኩት። ስንቶቹ ቀጥነው ተመልሰው እንደለካኋቸው ጠየቀኝ። መለኪያ የምጽፍበትን ደብተር በሐሳቤ ገለጥኩት።

«አምስት» አልኩ።

«ዘጠኙስ?»

ደብተሩን እንደገና በሐሳቤ ገለበጥኩት። ከዚያ መልሱ ራሱ መጣና አላበኝ። ልብሷ የሰፋት ሴት አጥብቢልኝ ብላ ወደ ልብስ ሰፊ ትመጣለች። ያልቀነሰችው፣ የታመመችው፣ ሰልችቷት የተወችው ወደ እኔ ምን ሊያመጣት? ደጃፌ ያጣራቸውን አምስት ሴቶች አይቼ ስለ አሥራ አራቱ መስክሬአለሁ።

«አምስቱም ቢሆኑ ራት ትተዋል» አለ ዶክተሩ። «ራት የተወ ሰው ያለ ሻይም ይቀንሳል። የቱ እንደሠራ በምን አወቅሽ? የለካሽውስ ወገብ ነው። ወገብ ስለ ደም አይናገርም።»

እሱ እንደወጣ ሴቶቹን መደወል ጀመርኩ። ያነሣችልኝን ሁሉ «አቁሚው፣ እኔ ሆስፒታል ነኝ» አልኳት። አንዷ ሳቀችብኝ፣ አንዷ አለቀሰች። አዴ ጫልቱ አያነሡም። ጠዋት ደወልኩ፣ ከሰዓት ደወልኩ። አያነሡም። ከግፊት መድኃኒቶቻቸው አንዱ ራሱ ሽንት የሚያበዛ፣ ውሃና ጨው የሚያወጣ ነው፤ ይህን ስነግራት ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች።

በአራተኛው ቀን ፈቅደውልኝ ወጣሁ። እናቴ ወደ ቤት እንሂድ ስትል ባጃጁን ወደ እሳቸው ሰፈር፣ ወደ ጨለለቂ አዞርኩት። የአዴ ጫልቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ግራ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ተጠቅልሏል።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?» አልኩ ከበሩ።

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ታኢ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። በሳምንቱ መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ዓይናቸው ጨልሞ ወድቀዋል። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ደማቸው ታይቶ ፖታሲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል። ስልካቸው ሲወድቁ ተሰብሯል። ሻዩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትተዋል።

ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። ሌንሴ እንዳሳሳተችኝ፣ ወረቀቱ እንዲህ እንደሚል፣ እኔም እንደወደቅሁ አከታተልኩ። በደህናው እጃቸው አስቆሙኝ።

«ሰዓዳ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። ወረቀት ማንበብ አላቃተኝም፤ ወረቀቱን አላመንኩትም። ያመንኩት አንቺን ነው።»

ከሆስፒታሉ አልጋ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም። ለቅሶዬ ሲያልቅ፣ «ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት አለን። ብዙዎቹ ያንን ነገር ይጠጣሉ። ትመጪና በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አዳራሻቸው ገብቼ አላውቅም። «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ስለ ልብና ስለ ፖታሲየም በእሱ ተናግሬ አላውቅም። ቃል ሲያጥረኝ በአማርኛ እሞላለሁ፣ አዴ ጫልቱ ከፊት ወንበር ሆነው ይተረጉሙልኛል። ማመኔን፣ ኪኒኔን መተዌን፣ አምስቱን ብቻ መለካቴን ነገርኳቸው። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ሴት ከቦርሳዋ ፓኮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። አንዷ ደግሞ «እኔ ላይ ግን ሠርቷል» ብላ ይዛው ወጣች። ተከትያት ወጥቼ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ለመንኳት። ትታው እንደሆነ አላውቅም።

ለሌንሴም ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ «ቀንተሽብኝ ነው» አለች። በሳምንቱ እያነከሰች መጣች፣ ባቷ ተቋጥሮባት። አብሬያት ሄጄ ደሟን አስመረመርን። ትንሽ ወርዶ ነበር፣ ሲታከም ተስተካከለ። መሸጡን ትታለች። ፓኮው ግን ሌላ ስም ለብሶ ገበያ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ባየሁት ቁጥር እግሬ ይቆማል።

ማገገሜ ዝግ ያለ ነበር። ከሆስፒታል በወጣሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ ኪሎ አምስቱ ምንም ሳልበላ የበላሁ ይመስል ተመለሰ፤ ውሃ ስለነበረ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው፣ ይህንም ዶክተሩ አስቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም። አቶርቫስታቲኑን እንደገና ጀመርኩ፤ ጡንቻዬን ሊያመኝ እንደሚችል፣ ካመመኝም ራሴ ከማቆም ይልቅ መጥቼ እንድነግረው፣ መጠኑን መቀነስም ሆነ ሌላ መቀየር እንደሚቻል አስረዳኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ሄድኩና አንድ በአንድ ጠየቅሁት።

ቤታችን ውስጥ ያለው ትግል ደግሞ ከእናቴ ጋር ነበር። «ቅቤ ማንን ገደለ? አያቶችሽ በቅቤ አይደል የኖሩት?» ትለኛለች። ዶክተሩ ሲያስረዳኝ፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋ ስብ አብዛኛው ኤልዲኤልን የሚጨምረው ዓይነት እንደሆነ፣ ቅቤም የጮማው ስብም ያ የሚረጋው ርካሽ የዘንባባ ዘይትም ከዚያው ወገን እንደሆኑ፣ በአገራችን ማሳ ቢጫ አበባው የሚታየው የኑግ ዘይት ግን ፈሳሽ ሆኖ እንደሚቀርና እንደሚሻል ነግሮኝ ነበር። እሱም ቢሆን ስብ ስለሆነ በማንኪያ ተለክቶ እንጂ ተንቆርቁሮ አይደለም፤ ደጋግሞ የተጠበሰበትም ዘይት አይበጅም። ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት አልሰማችኝም። በመጨረሻ ያሸነፍኳት በአንጮቴ፣ በወለጋው ሥራ ሥር፣ ነው፤ ቀቅዬ፣ ሚጥሚጣና ጥቂት የኑግ ዘይት አድርጌ ሰጠኋት፣ ቀመሰችውና «ይበላል» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅቤው ከቤታችን አልወጣም፣ ለበዓል ይወጣል።

ማታ ማታ ራቴን እበላለሁ። ማለዳ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አርባ ደቂቃ ያህል በእግሬ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ አላስቀምጥ ያለኝ ጭንቀት ነበር የሚያስሄደኝ፣ ኋላ ላይ መንገዱ ራሱ ጣመኝ። በዓመቱ ስድስት ኪሎ ቀነስኩ፤ የማንም ወሬ አይሆንም፣ ግን አልተመለሰም። ኤልዲኤሌ በሦስተኛው ወር 131፣ መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ 97 ሆነ። የዓይኔ ቢጫ አሁንም አለ። ላይጠፋ እንደሚችል ተነግሮኛል፤ ለምጄዋለሁ።

ወንድሜ ይመር እንደ አባታችን የቀጠነ ነው። ተመርመር ስለው «የወፍራም በሽታ ከእኔ ምን አገናኘው?» ብሎ አራት ወር አደከመኝ። በአምስተኛው እናቴ አለቀሰችበትና ሄደ። ኤልዲኤሉ 228 ነበር። ወረቀቱን ይዞ ሱቄ ገባ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የእኔ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዛሬ አብረን ነው ለቀጠሮ የምንሄደው።

ይህን የምታነቡ ሕመምተኞች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው የደረሰብኝን ነው። ክብደታችሁን ስትመዝኑ ኮሌስትሮላችሁን የመዘናችሁ አይምሰላችሁ፤ እሱን የሚናገረው ደም ብቻ ነው። የታዘዘላችሁን ኪኒን ምንም አይታየኝም ብላችሁ አትተዉ፤ ሥራው በማይታይበት ቦታ ነው። አንድ የማቅጠኛ ነገር ሠራ ሲሏችሁ የሠራላቸውን ብቻ ሳይሆን የተዉትንና የታመሙትን የት እንዳሉ ጠይቁ፤ አብረው ምን እንዳቆሙም ጠይቁ። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚላችሁን ሰው፣ እኔም ብሆን፣ አትመኑት።

አመሰግናለሁ፤ ሳይቆጣ ላስተማረኝ ዶክተር፣ ወረቀት ይዛ ለሮጠችው ነርስ፣ በባጃጅ ለወሰደኝ ስሙን ላልጠየቅሁት ሰው፣ ለእናቴ። አዴ ጫልቱን ደግሞ፣ ይቅር ከማለታቸው በፊት እውነቱን ስለነገሩኝ፣ ገላቶማ እላለሁ። እጃቸው ድኗል። ልብሳቸውን ዛሬም የምሰፋው እኔ ነኝ።

ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱን አግኝቻለሁ። አንዷን አላገኘኋትም። ለአንድ ቀን ከጊምቢ መስመር መጥታ ቀሚስ ያሰፋች፣ ሕፃን የምታጠባ ሴት ናት። ደብተሬ ላይ «የጊምቢዋ፣ ወገብ 92» ብቻ ነው የጻፍኩት፤ የሰጠችኝ ስልክ አይሠራም። ሁለት ጊዜ ጊምቢ ድረስ ሄጄ በገበያው ጠይቄአለሁ።

እህቴ፣ ይህ ከደረሰሽ፣ ያን ቀን የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። አቁሚውና ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደህና መሆንሽን በሰውም ቢሆን ላኪብኝ። እየጠበቅሁሽ ነው።